ቁሌት በላስቲክ፦ ከዲፕ ፍሪዘር ጋር ትውውቅ

አክስቴ ዲፕ ፍሪዘሩን የገዛችው ለልጇ ሠርግ ነበር። ሠርጉ አለፈ፤ ሣጥኑ ግን ጥልፍ ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫና የቴሌቪዥን ሪሞት ተሸክሞ ሳሎን ጥግ ቀረ። ውስጡን ከፍተን ያገኘነው የተጋገረ በረዶ እና በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ፣ መቼ እንደገባ ማንም የማያስታውሰው ሥጋ ነው። ዕቃው በብዙ ቤት አለ፤ ምን እንደሚሠራ ያጠያየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ፍሪዘር ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀት ያወጣል። ከታች የሚያጉረመርመው ኮምፕረሰር በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ጋዝ ይግልና ሙቀቱን ለክፍሉ አየር እየለቀቀ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ አልፎ ሰፋ ወዳለው ቱቦ ሲደርስ መልሶ ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ደግሞ ከውስጥ ካለው ምግብ ነው። የብዙ ዲፕ ፍሪዘሮች ጎን ሲነኩት የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። አክስቴ የመጀመሪያው ቀን ጎኑን ነክታ "ተቃጠለ" ብላ ሶኬቱን ነቅላው ነበር። አልተቃጠለም፤ የሥጋው ሙቀት እየወጣ ነበር። መውጫ እንዲያገኝ ሣጥኑን ከግድግዳ ፈቀቅ ማድረግ ነው። ክዳኑ ወደ ላይ መከፈቱም ያለ ነገር አይደለም፦ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ቢነሳም ታች ይተኛል። ባለ በሩን ፍሪዘር ሲከፍቱት ግን ቅዝቃዜው እግርዎ ላይ ይፈስሳል።

ሊገዙ ሲሄዱ ከሊትሩ በፊት ኮከቡን ይዩ። አንድ ኮከብ ማለት ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሁለት 12፣ ሦስት 18። አራት ኮከብ ያለው 18ቱን ከመጠበቅ አልፎ ያልበረደ ምግብ ተቀብሎ ራሱ ማርጋት ይችላል፤ ለእኛ የሚሆነን እሱ ነው። ከዜሮ በታች 18 ላይ ባክቴሪያ አይራባም። አይሞትምም፤ ይተኛል እንጂ። ምግቡ ሲቀልጥ እሱም ይነቃል፤ ስለዚህ ሊበላሽ የቀረበን ምግብ ፍሪዘር ውስጥ ከቶ ማትረፍ የለም።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ክላረንስ በርድዛይ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ላብራዶር ወደሚባለው፣ ዛሬ የካናዳ ወደሆነው ብርዳም አገር ሄዶ ሲኖር፣ ኢኑዊቶች ያጠመዱት ዓሣ ከውሃ እንደወጣ በብርዱ ነፋስ ሲረጋና ከወራት በኋላ ሲቀልጥ ጣዕሙ እንዳለ ሆኖ አየ። ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ስለቶች ይሠራል፤ እነሱም የሥጋውን ሴሎች ይበሳሉ። ቶሎ ሲረጋ ስለቶቹ ደቃቅ ይሆናሉ። በርድዛይ ይህን ወደ ማሽን ለወጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የበረዶ ምግቡ በሱቅ ይሸጥ ጀመር። ወደ ኩሽናችን ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ቀጭን ያድርጉት። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚረጋበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ድስት ሙሉ ወጥ ከነድስቱ የሚከት ሰው መሃሉ እስኪረጋ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል።

የእኛን ወጥ ለዚህ ሣጥን የሚመች ያደረገው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርት ከትፎ፣ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ አቁላልቶ፣ ዘይትና በርበሬ ጨምሮ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማብሰል፦ ጊዜው ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ምስር ቢገባበት ምስር ወጥ፣ ዶሮ ቢገባበት ዶሮ ወጥ ነው። አሁን አክስቴ ቤት በወር አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት በሳፋ ይከተፋል። ቁሌቱ ሲደርስ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠን እናማስለዋለን። ትኩሱን ወደ ፍሪዘር መክተት ጎረቤቱን ያቀልጣል፤ ሌሊቱን ምድጃ ላይ መተው ደግሞ ይብሳል። መፍላትን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቀስ ብሎ የሚበርድ ትልቅ ድስት ይመቻቸዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መብረድ አለበት።

የበረደውን በሁለት ጭልፋ በሁለት ጭልፋ ላስቲክ ውስጥ እንጨምርና፣ አየሩን በእጅ ገፍተን አስወጥተን፣ ትሪ ላይ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ እናስተኛዋለን። ሲረጋ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ ይቆማል። አየሩ ካልወጣ በረዶው ከምግቡ ላይ በቀጥታ ይተንና ነጣ ያለ፣ የደረቀ ቁስል ይተዋል፤ አያሳምምም፣ ጣዕሙን ግን ይገድላል። ቅቤና መከለሻ አይገባበትም። ቅመሙ ሽታው ይደክማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅቤ የነካው ቁሌት ረቡዕና ዓርብ አይወጣም፤ በዘይት የተሠራው ግን ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ቅቤው ቁሌቱ ቀልጦ ሲንተከተክ ይደርሳል።

በረዶን እምቢ የሚሉ ምግቦችም አሉ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ዶሮውን አሥራ ሁለቱንም ብልት ከነእንቁላሉ ማስቀመጥ ነበር። ሲቀልጥ ሥጋው ደህና ነው፤ እንቁላሉ ግን ውሃ ተፍቶ ነጩ ተኮማትሯል። አክስቴ አንዱን ነክሳ አኘከች፣ አኘከችና "ይሄ የዶሮ ነው የመኪና?" አለች። የተቀቀለ እንቁላል ነጭ በረዶ አይወድም። የአልጫ ድንችም አሸዋ አሸዋ ይላል። ሽሮ ውሃውን ይለቃል፤ እሳት ላይ ሲማታ ይመለሳል። ጎመን ጥሬውን ከገባ ይመራል፤ አንድ ጊዜ ፈላ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ አሳርፎ ማስገባት ነው።

ስለ ክትፎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። የኮሶ ትል እንቁላሉን የሚጥለው ሰው ጋ ነው፤ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፣ እጩም ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። ያን እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቆየ በረዶ ይገድለዋል። ኮሶ ለጠጡ አያቶቻችን ትልቅ ዜና ይሆን ነበር። ቆሻሻ እጅ ወይም ቢላ ያስገባውን ባክቴሪያ ግን በረዶ አይነካውም፤ ደግሞም የቀለጠ ሥጋ ውሃውን ስለሚለቅ ክትፎው ይልማል። ለጥብስ ይሁን፤ ለክትፎ ሥጋ ቤት ይሂዱ።

እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ስህተት ነው። ስታርች ቶሎ የሚደርቀው በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ከዚያ በታች ሲረጋ መድረቁ ይቆማል። ስለዚህ ወይ መሶብ ወይ ፍሪዘር። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን አጥፈው በላስቲክ እየጠቀለሉ የሚያኖሩት፣ ጠዋት አውጥተው ማታ የሚበሉት ለዚህ ነው።

የቁሌቱ ቀን የትኛው ምድጃ ይሻላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ካለ ጋዙም ኤሌክትሪኩም ያደርሰዋል። ኢንዳክሽን የሚባለውን አዲሱን ምድጃ ከመግዛት በፊት ግን ማግኔት ይዘው ድስቶችዎን ይፈትሹ። ማግኔቱ ካልያዘው ምድጃውም አያውቀውም፤ ሸክላ ድስትና ተራ አሉሚኒየም ላዩ ላይ ተቀምጠው እንደቀዘቀዙ ይቀራሉ።

መብራት ሲጠፋ ደንቡ አለመክፈት ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተነካ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ግማሽ የሆነው 24። ቦታ ካለ ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው (እስከ አንገቱ አይደለም፣ በረዶ ይሰፋል) መሙላት ነው። ቤት ባልነበርንበት ቀን ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንድ ስኒ ውሃ በረዶ አድርገን፣ ላዩ ላይ የብር ሳንቲም አስቀምጠናል። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ መልሶ ረግቷል ማለት ነው።

ባለፈው ከክፍለ ሀገር ስንመለስ ጎረቤቶች መብራት ጠፍቶ ነበር አሉን። አክስቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጥልፉን አንስታ ክዳኑን ከፈተች። ሳንቲሙ ከላይ ነው። አንድ ቁሌት አወጣችና ክዳኑን ዘግታ፣

"እንቁላሉን አንቺ ገዝተሽ ነይ፤ ትኩሱን" አለችኝ።