ጡረተኞቹና ተሳቢው ቤት

ግንቦት ሲጋመስ በአውስትራሊያ ከሜልቦርንና ከአደላይድ ወደ ሰሜን በሚያወጡት አውራ ጎዳናዎች ላይ ካራቫን የሚጎትቱ መኪኖች ይበዛሉ። ካራቫን ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ብዙ ጊዜም ሽንት ቤትና ሻወር ያለው፣ የራሱ ሞተር የሌለው ተሳቢ ቤት ነው። ከሚጎትቱት ብዙዎቹ ሥራ ያቆሙ ባልና ሚስት ናቸው፤ አገሬው «ሽበታም ዘላኖች» ይላቸዋል። የአውስትራሊያ ደቡብ የሚበርደው በእኛ ክረምት ወራት ነው። እነሱም ሙቀቱን ተከትለው የመሀል አገሩን በረሃ አቋርጠው ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ ሰሜኑ ዝናብ ሳይጀምረው ደግሞ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አገሩ 7.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ኢትዮጵያን ሰባት እጥፍ ግድም መሆኑ ነው። ሕዝቡ ግን በአብዛኛው የሰፈረው በባሕሩ ዳርቻ ስለሆነ መሀሉ እጅግ ሰው የሳሳበት ነው። ነገሩ ሲታይ ያስቀናል፦ ልጆች አድገዋል፣ አለቃ የለም፣ ቤት ከኋላ ይከተላል። ብዙዎች ይህን ከሥርዓት ማምለጥ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው። ሁለት አረጋውያን ብቻቸውን በረሃ የሚያቋርጡት ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ የሕግ፣ የመንገድና የሕክምና ሥራ ስለሚደግፋቸው፣ እነሱም በየዕለቱ በኪሎና በሊትር ስለሚኖሩ ነው።

ከኪሎው እንጀምር። በእያንዳንዱ ካራቫን አካል ላይ ባዶ ክብደቱንና ተጭኖ ሊያልፈው የማይገባውን ክብደት የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፏል። ባዶው 2,000፣ ጣሪያው 2,500 ኪሎ ከሆነ ለዕቃ የሚተርፈው 500 ኪሎ ነው። በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው 95 ሊትር የሚይዙ ሁለት የውሃ ታንኮች ሲሞሉ 190 ኪሎው ወዲያው ይሄዳል። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ የወራት ልብስና የታሸገ ምግብ ሲጨመሩ ሚዛኑ ጣሪያውን ይነካል። ከድምሩ በላይ የሚያሳስበው ግን አጫጫኑ ነው። ከካራቫኑ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ መኪናውና ተሳቢው በሚጋጠሙበት ብረት ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ያም ክብደት መልሶ ከመኪናው ጭነት ጋር ይታሰባል። አህያ የጫነ ገበሬ የግራና የቀኙን ስልቻ እንደሚያመዛዝን ሁሉ፣ እነዚህ ሰዎችም ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ፣ ቀላሉን ወደ ዳር ያደርጋሉ። ጭራው የከበደ ካራቫን በፍጥነት ሲጎተት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መወዛወዙ ከበረታ መኪናውንም ይዞ ይገለበጣል። በዚያች ቅጽበት የመኪናውን ፍሬን አጥብቆ መርገጥ ነገሩን ያብሳል፤ የሚመከረው እግርን ከነዳጁ አንስቶ፣ ሾፌሩ አጠገብ ባለው ማዘዣ የካራቫኑን ኤሌክትሪክ ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ነው። ሕጉም ዝም አላለም። ከ2,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ በሁሉም ጎማዎቹ ፍሬን እንዲኖረው፣ ከመኪናው ቢላቀቅም በራሱ የሚይዝ መቆሚያ እንዲገጠምለት ያዛል።

ሊትሩ ደግሞ ከርቀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን አገሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሰነጥቀው ስቱዋርት አውራ ጎዳና ከ2,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚሁ መንገድ ላይ ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፔዲ፣ ማለትም ሰዎች ሙቀቱን ሸሽተው ከመሬት በታች ቤት እስከሚፈለፍሉባት የኦፓል ማዕድን ከተማ ድረስ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ማደያ የለም። ካራቫን የሚጎትት መኪና ናፍጣ የሚጠጣው ባዶውን ከሚሄደው በእጅጉ በልጦ ነው፤ የፊት ነፋስ ሲጨመርበት ስሌቱ ይዛባል። ስለዚህ መንገደኞቹ የት እንደሚቀዱ፣ የት ውሃ እንደሚሞሉ፣ የሽንት ቤቱን ታንክ የት እንደሚደፉ አስቀድመው ያውቃሉ። ማለዳና አመሻሹ ላይ ካንጋሮ ወደ መንገዱ ስለሚወጣ ጠንቃቃ ሾፌር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቆማል። እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝሙት፣ ብዙ ተሳቢ የሚጎትቱት የጭነት መኪናዎች ሲመጡ በሬዲዮ ይነጋገራል፣ መንገድ ይለቃል። ከአስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ውስጥ ሲገባ የጎማውን አየር ይቀንሳል፣ ፍጥነቱንም ያወርዳል፤ ያለዚያ ንዝረቱ ባልስትራውንም፣ የቁምሳጥኑንም ብሎን ይፈታል። የልብ የተባለ ነጻነት አለ ከተባለ የሚገኘው ይህ ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ ነው።

አሁን ከመኪናው ወጥተን ወደ አገሩ እንመልከት። የአውስትራሊያ ፓርላማ ለአረጋውያን ጡረታ እንዲከፈል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ደግሞ አሠሪዎች ለሠራተኛው በስሙ የጡረታ ቁጠባ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ መዋጮው እ.ኤ.አ. በ2025 ከደመወዙ 12 በመቶ ደርሷል። ገንዘቡ ባንክ ስለሚገባ ባለቤቱ ሜልቦርን ይሁን በረሃ መሀል ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ሜዲኬር የተባለው የሕክምና መድን በሁሉም ክፍላተ አገር ይሠራል። መንገዱም ቢሆን የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም። ምሥራቁንና ምዕራቡን በናላርቦር ሜዳ በኩል የሚያገናኘው ኤር አውራ ጎዳና ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ስቱዋርት ደግሞ በ1987 ነው። ከዚያ በፊት የዛሬዎቹ ጡረተኞች ወላጆች ይህን ጉዞ ሊያስቡት የሚችሉት በአቧራና በጭቃ ነበር። የሕክምናው ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ያስደንቃል። ጆን ፍሊን የተባለ ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1928 ከክሎንከሪ ከተማ በአንዲት አውሮፕላን ያስጀመረው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ሐኪምን በረሃ ውስጥ ለሚኖሩት አቅርቧል። በቀጣዩ ዓመት አልፍሬድ ትሬገር በእግር በሚረገጥ ፔዳል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠርቶ የገለሉትን ቤቶች ከሐኪሙ ጋር አገናኘ። ዛሬ በረሃ ላይ ልቡን የሚያመው የ70 ዓመት ሰው ተስፋው እዚያ አውሮፕላን ላይ ነው።

«እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ ቆጥበው፣ ካራቫኑን በገንዘባቸው ገዝተው የሚሄዱ ናቸው፤ ሥርዓት ምን አደረገላቸው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ቁጠባቸውና ብልሃታቸው አይካድም። የዚህ ክርክር ፈተና ግን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ መጥቷል። ክፍላተ አገሩ ድንበሮቻቸውን ሲዘጉ መኪናው ያው መኪና፣ ባንክ ያለውም ገንዘብ ያው ገንዘብ ነበር፤ ጉዞው ግን ቆመ። ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የዘጋችውን ድንበር በሰፊው የከፈተችው መጋቢት 3 ቀን 2022 ነው። መንገዱን ክፍት የሚያደርገው የሕዝብ ውሳኔ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ሌላው ተቃውሞ ከትንንሾቹ ከተሞች የሚነሳ ሲሆን ክብደት ያለው ነው። መንገደኞቹ ምግባቸውን ከትልቅ ከተማ ጭነው ይመጣሉ፣ በነጻ ያድራሉ፣ ቆሻሻ ትተው ይሄዳሉ፣ ከታመሙም ጥቂት አልጋ ባላት ክሊኒክ ይተኛሉ ይባላል። የካራቫን ማደሪያ ባለቤቶችም ማዘጋጃ ቤት ነጻ ቦታ ሲሰጥ ገበያችንን ቀማን ብለው ያማርራሉ። ቅሬታው እውነት አለበት፤ ስለዚህም መልሱ እንደገና ደንብ ሆነ። የካምፐርቫንና ሞተርሆም ባለቤቶች ክለብ አጭር ማደሪያ፣ ንጹሕ ውሃና የፍሳሽ መድፊያ ያዘጋጀች ከተማ የእንግዳ ተቀባይነት ምልክት የምታገኝበትን አሠራር ዘረጋ፤ ነዳጁም፣ ዳቦውም፣ የጎሚስታውም ሥራ እዚያው ይቀራል። ከከተሞቹ በፊት ደግሞ መጠየቅ ያለባቸው አሉ። «ባዶ» የሚባለው በረሃ 50 ሺህ ዓመት ያህል ሰው የኖረበት ነው። ከላቨርተን ወደ ዩላራ በሚወስደው ግሬት ሴንትራል መንገድ ለመሄድ በነባር ሕዝቦቹ ምድር የማለፊያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኡሉሩ የተባለውን ታላቅ ዓለት መውጣትም የዓለቱ ባለቤት በሆነው በአናንጉ ሕዝብ ፍላጎት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2019 ተከልክሏል። አንዳንድ ተጓዦች ይህን እንደ ገደብ ሲያማርሩት ይሰማል፤ ሰው ግቢ ገብቶ ባለቤቱን አለመጠየቅ ግን የትም አገር ነውር ነው።

የእኛ አንባቢ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ «አያት ማለት የልጅ ልጅ ታቅፎ ቤት የሚያሞቅ አይደለምን?» ብሎ እንደሚጠይቅ እገምታለሁ። በጥያቄው በከፊል እስማማለሁ፤ ለወራት ከቤተሰብ መራቅ ዋጋ አለው፤ ቪዲዮ ስልክም አያካክሰውም። ሆኖም ወቅቱ ራሱ መላሽ ነው። የሰሜኑ ዝናብ ከኅዳር ጀምሮ ብዙ የጠጠር መንገዶችን ስለሚዘጋ፣ አብዛኞቹ ለፈረንጆች ገና ከልጆቻቸው ዘንድ ይደርሳሉ። በመንገድም ብቻቸውን አይደሉም። ሲመሽ በየማደሪያው ተጣጣፊ ወንበርና የየራስን መጠጥ ይዞ ክብ ሠርቶ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ የትኛው መንገድ እንደተበላሸ፣ የት ውሃ እንዳለ የሚታወቀውም እዚያ ነው። ለትዳሩ ራሱ ግን ጉዞው ዋዛ አይደለም። አንዱ መሪ ይዞ፣ ሌላዋ ከኋላ ቆማ በእጇ እያመለከተች ካራቫን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም ባልና ሚስትን በማጣላት የታወቀ ሥራ ነው።

ሜልቦርንና ፐርዝ ያላችሁ፣ ካራቫን ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች ካላችሁ፣ ከሻጩ ቃል በፊት የክብደት ሰሌዳውን አንብቡ። ከዚያ ውሃውን ሞልታችሁ፣ ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ፣ ካራቫኑን ከነመኪናው የተሽከርካሪ ሚዛን ላይ አውጡት፤ በዚያ ያለፈ ጭነት ካገኛችሁ ጉዞ ሳትጀምሩ አራግፉት።