ሕፃን ለሚጠባበቅ ቤት የሚሆን አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

በቀድሞው ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከንፈሯን ገልጦ በጥርሷ ዕድሜዋን ይመረምር ነበር፤ ቀጥሎም ኮቴዋን ያነሣል፥ ጀርባዋ የኮርቻ ቁስል እንዳለበትና እንደሌለበት በእጁ ይዳብሳል፥ በመጨረሻም ራሱ ተቀምጦባት አረማመዷን ያያል። የምትገዛው ለነፍሰ ጡር ወይዘሮ እንደ ሆነ ግን የሚፈለገው መልክና ቁመት ሳይሆን፥ እርምጃዋ ለስላሳ መሆኑና በድንገት የማትደነብር መሆኗ ነበር። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ካመጣ ወዲህ የበቅሎ ነገር እያደር ቀርቶ፥ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ በቅሎ ቤት የሚባለው ሰፈር ስሙን ብቻ ይዞ ይኖራል። የመግዛቱ ጥበብ ግን አብሮ የቀረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ዛሬ ብዙ ሰው አሮጌ አውቶሞቢል ሲገዛ የሚያየው ቀለሙንና ቁመቱን ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የአንድ ዘመዳችን ጉዳይ ነው። እርሱና ባለቤቱ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይኖራሉ። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ሆና የምትወልድበት ወራት ነሐሴ እንደ ሆነ ሐኪም ነገራት። እናቲቱ በካዛንቺስ፥ ከቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ ይኖሩ ስለ ነበር፥ ከልጃቸው ቤት በእግር የሚደረስ ቅርብ ጎረቤት ነበሩ። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ለከተማው መልሶ ማልማት ሥራ ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ እርሳቸውም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አራስ የምትጠብቅ እናት በሌሊት ብትፈለግ እንዴት ትመጣለች? ይህ አንደኛው ጭንቀት ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ የባልየው አባት አገር ከደብረ ብርሃን ወዲያ አስፋልቱን ለቆ በሚሄድ መንገድ ላይ በመሆኑና ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ እንዳይቀሩ መፈለጋቸው ነው። ስለዚህ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፥ ሕዝቡ ፎር ዊል የሚለውን፥ ያገለገለ አውቶሞቢል ሊገዙ ቈረጡ።

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። በአራት ጎማ የሚጎትት አውቶሞቢል በእርግጥ ያስፈልጋችኋልን? ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ፥ ከካዛንቺስም ወደ ዘውዲቱ ሆስፒታል ለሚመላለስ ሰው መንገዱ አስፋልት ስለ ሆነ ተራው አውቶሞቢል ይበቃዋል። ጕድጓድ ለማለፍ የሚጠቅመው ከፍታው እንጂ አራት እግሩ አይደለም። ጭቃና አሸዋ፥ ድንጋያማም ቍልቍለት በየጊዜው የሚያጋጥመው ግን ያለ እርሱ አይሆንለትም። ዘመዳችን ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

የገበያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አሮጌ አውቶሞቢል ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። በዚህ ሁሉ ምክንያት አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፎር ዊል ከማርጀቱ ይልቅ ዋጋው እየጨመረ በሚሊዮን ብር የሚጠየቅበት ሆነ። ዋጋው እንዲህ በወጣ ጊዜ ደግሞ ሻጭ ቀለም ይቀባል፥ ወንበር ያለብሳል፥ ሞተሩን በውሃና በሳሙና ያጥባል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ ለከተማ መልካም እንደ ሆኑ አንክድም፤ ዳሩ ግን ከሚሸጡት ብዙዎቹ በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፉ ስለ ሆኑ፥ ባትሪያቸውንም በገጠር መሙላት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ለዘመዳችን ጉዳይ አልተስማሙም።

ባልየው አንድ አጎት አለው፤ በመንግሥት ሥራ ሸምግሎ ጡረታ የወጣ፥ ክብሩን የሚወድ ሰው ነው። እርሱም ነገሩን በሰማ ጊዜ «ከላንድ ክሩዘር በቀር አውቶሞቢል የሚባል የለም» ብሎ ፈረደ። ሚስትየዋ ግን አልተከራከረችም። ከእኅቷ የሕፃን መቀመጫ ተውሳ፥ ባዶውን መቀመጫ በእጇ አንጠልጥላ ከእኛ ጋር ወጣች። ስለዚህ መቀመጫ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ ምክንያቱም የጠቅላላው ነገር ሥር እርሱ ነው።

በአገራችን ልማድ ሕፃን በአውቶሞቢል ሲሄድ በእናቱ ወይም በአያቱ እቅፍ ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ቢሆንም ግጭት ሲመጣ ፍቅር አይበቃም። አውቶሞቢል በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በድንገት ቢጋጭ፥ 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለዚያች ቅጽበት ከመቶ ኪሎ በላይ ሆኖ ከእጅ ይወጣል፤ ይህንም የሚይዝ ክንድ የለም። ስለዚህ ሕፃኑ በኋላ ወንበር፥ ፊቱ ወደ አውቶሞቢሉ ኋላ ዞሮ በመቀመጫው ይታሰራል፤ ቢያንስ እስከ 15 ወር እንዲሁ ይቆያል፥ ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻላል። አንገቱ ገና ያልጠና ስለ ሆነ፥ ጀርባው በሙሉ ግፊቱን ሲቀበልለት ይድናል። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ መቀመጫ የአየር ከረጢት ባለበት የፊት ወንበር ላይ ማድረግ ግን ክልክል ነው፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ መቀመጫውን ከነሕፃኑ ይመታዋልና። ነፍሰ ጡሪቱም ራሷ ቀበቶውን መተው የለባትም፤ የታችኛው ከሆዷ በታች በዳሌዋ አጥንት ላይ፥ የላይኛው በጡቶቿ መካከል ይለፍ።

መጀመሪያ ያየነው አጎትየው የመረጠው ላንድ ክሩዘር ነበር። ሞተሩ ብርቱ፥ ባሌስትራው ጠንካራ፥ ቁመናውም በእውነት የሚያስከብር ነው። ነገር ግን በስተ ኋላው ሁለት ረዣዥም ወንበሮች በጎንና በጎን ፊት ለፊት የሚተያዩ ነበሩ። ሚስትየዋ ገብታ መቀመጫውን ብታስቀምጠው መቀመጫው ወደ ጎን ዞረ፤ የሚያስር ቀበቶም የለም። ወጥታ «ጋሼ፥ ይህ ለወታደርና ለእህል ነው እንጂ ለሕፃን አይሆንም፤ እርስዎ ራስዎ ይግቡና ይዩት» አለችው። አጎትየው ገባ፥ አየ፥ ምንም ሳይናገር ወረደ። ላንድ ክሩዘር ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ ፕራዶ የተባለው ወንበሮቹ ወደ ፊት የሚያዩ፥ ለቤተ ሰብም የሚመች ነው፤ ዋጋው ግን ከዘመዳችን ኪስ በላይ ሆነ። የነዳጁንም ሒሳብ አየነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፥ በመቶ ኪሎ ሜትር 18 ሊትር የሚጠጣውን ትቶ 12 ሊትር የሚጠጣውን ቢይዝ በወር 60 ሊትር ይተርፈዋል፤ የአንዱ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ለሕፃን ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ቶዮታ ረሽ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለ፥ ሰባት ሰው የሚይዝ፥ ቀበቶውና የመቀመጫ ማሰሪያው የተሟላ፥ መቀመጫውም ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠበት ነው። ደላላው «ፎር ዊል ነው» ብሎ ማለ። ነገር ግን ከዘመዳችን ጋር የመጣው ባለሙያ ከሥሩ ተጋድሞ ካየ በኋላ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄድ ዘንግ እንደሌለው አሳየን፤ የሚገፋው በኋላ እግሩ ብቻ ነው። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ለሆነለት ቤተ ሰብ እኛ ራሳችን ይህንኑ እንመርጥ ነበር። ከዚህ የተረዳነው ግን ከፍ ማለትና በአራት ጎማ መጎተት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ራቭ ፎር የሚባለውም እንኳ ስሙ አራት ቢል በሁለት ጎማ የሚሄድ ዓይነት አለው።

ሦስተኛው አምስት በር ያለው ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ሆነ። እርሱም ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፥ ለከባድ ስፍራም የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ነው። ሕፃኑ የሚቀመጥበት ወንበር ሦስት ቦታ የሚይዝ ቀበቶ አለው፤ በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከልም መቀመጫው የሚሰካባቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች በጣት ተገኙ። መልኩ ግን የማያስደንቅ ነበር፤ በአንድ በኩል በሩ ተፍቆ ነበር።

ባለሙያው ምርመራውን የጀመረው ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቅ በማስጠንቀቅ ነው፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃልና። በማለዳ ብርድ ሲነሣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ ዘይት እየነደደ ነው፤ ጥቁር ቢወጣ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጩ ጢስ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ውሃ እየገባ ስለ ሆነ የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ በእንጦጦ ዳገት ላይ አውቶሞቢሉ ያፈላል። ከዚያም መሪውን እስከ ጥጉ አዙሮ በቀስታ ሲነዳ ከፊት ጎማዎች የሚንቀጫቀጭ ድምፅ እንዳለ አዳመጠ፤ ዝቅተኛውንም ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይሆን በጠጠርና በአፈር ላይ ሞከረው። በሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ፈለገ። በጎማው ጎን ያሉትን አራት ቍጥሮችም አነበበልን፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም በዚያ ምክንያት ተቀነሰ።

በነገራችን ላይ፥ ባለሙያው የሚናገረውን ስንሰማ ካዛንቺስን አስታወሰን። ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃሎች ናቸው። ካዛንቺስም ራሱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ስሙን ያገኘ፥ «ካዛ ኢንቺስ» የነበረ ነው። ወራሪው ሄደ፥ ቤቶቹም አሁን ሄዱ፤ ቃሎቹ ግን በጋራዥ ውስጥ ዘይት ተቀብተው ይኖራሉ።

ስለ አየር ከረጢትም አንድ ነገር አለ። ቁልፉ ሲዞር የከረጢቱ ምልክት መብራት በርቶ ጥቂት ቆይቶ መጥፋት አለበት፤ ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ ሻጩ አምፖሉን አውጥቶት ይሆናል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ከረጢቶች ሲፈነዱ ብረት እየወረወሩ ሰው በመግደላቸው በዓለም ሁሉ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ አውቶሞቢሎች ለእድሳት ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም በ2009 ዓ.ም. ከስሯል። ከዚያ በፊት የተሠራ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው የሻንሲውን ቍጥር ይዞ ከአምራቹ ወኪል ቢጠይቅ ከተጠሩት ወገን መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃል።

ወረቀቱንም በችኰላ መተው አይገባም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ቢመስል ተመለሱ። አውቶሞቢሉ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነጻ መሆኑ፥ የዓመቱም ምርመራ ቦሎ መኖሩ ይረጋገጥ። በካዛንቺስ የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ስላለ፥ ኤምባሲዎችም በከተማችን ብዙ ስለ ሆኑ፥ ያለ ቀረጥ የገቡ አውቶሞቢሎች አገልግለው ሲሸጡ ይገኛሉ፤ አያያዛቸው ብዙ ጊዜ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ ወደ ገዢው አይዛወርም። ገንዘቡም በውልና ማስረጃ ፊት ከመፈራረም አስቀድሞ ሁሉ አይሰጥ። ዘመዳችን ከዋጋው ዐሥረኛውን እጅ ያህል ለጎማ፥ ለፍሬንና ለቺንጋ አስቀረ፤ የወሊዱንም ገንዘብ ለብቻው አኖረ። ይህን የመከረችው ሚስቱ ናት።

ውሉ በሰኔ መጨረሻ ተፈረመ። በማግሥቱ፥ ዝናም እየዘነመ፥ እናቲቱን ሊያመጡ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አሮጊቲቱ በሩን ከፍተው ባዶውን መቀመጫ ባዩ ጊዜ «ይህ ዙፋን ለማን ነው? ፊቱንስ ለምን ወደ ኋላ አዞራችሁት?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው በነገረቻቸው ጊዜ ቅር አላቸው፤ «እኔ አንቺን በእቅፌ አይደለም ወይ ያሳደግሁሽ?» አሉ። እርሷም «እማዬ፥ ያን ጊዜ ያቀፍሽኝ በእግርሽ እየሄድሽ ነበር» አለች። እናቲቱም ዝም ብለው የራሳቸውን ቀበቶ ሲፈልጉ አማቻቸው ዘወር ብሎ አሰረላቸው።

ልጅቱ በነሐሴ ተወለደች። ከሆስፒታል ሲመለሱ በካዛንቺስ በኩል አለፉ፤ አያቲቱ ከመቀመጫው አጠገብ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን ለሕፃኒቱ አስጨብጠው፥ ቀድሞ ቤታቸው የነበረበትን አቅጣጫ በመስኮቱ ያዩ ነበር።