ጎርጎርዮስ ወዳጁን ባስልዮስን እንዴት አሰበው?

በየሰፈሩና በየማኅበሩ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም። አትክልት ይተክላል፤ መጽሐፍ ይደጉሳል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። የጀመረውን ሳይፈጽም ሌላ ይጀምራል፤ ተቀምጦ የነበረውንም ሁሉ ያስነሣል። እንዲህ ያለው ወዳጅ በሞት ሲለይ ሐዘንተኛው ከየትኛው ሥራው ጀምሮ እንደሚያነሣው ይቸገራል። ይህ ችግር ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙን፥ ነባቤ መለኮት የተባለውን፥ ከብዙ ዘመን በፊት ገጥሞት ነበር። ስለ ወዳጁ ስለ ባስልዮስ ያደረገውን እንመልከት።

ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች ናቸው፤ ምድሪቱ ዛሬ በቱርክ አገር ውስጥ ትገኛለች። ወዳጅነታቸው የጸናው ግን ለትምህርት በሄዱበት በአቴና ከተማ ነው። ጎርጎርዮስ እንደ ተረከው፥ በዚያች ከተማ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራን ቤት የሚወስደው። ባስልዮስ ሰዋስውን፥ የንግግር ጥበብንና ፍልስፍናን ጠንቅቆ ተማረ። ከከዋክብት ምርምር፥ ከጂኦሜትሪና ከቁጥር ትምህርትም ዐዋቂዎቹ እንዳያሳፍሩት የሚበቃውን ያህል ወሰደ። ሰውነቱ ደካማና በሽተኛ ስለ ነበረም የሕክምናን ጥበብ ጨመረ። ሕመሙ ለሌላው ሰው የመቀመጫ ምክንያት በሆነ ነበር፤ ለእርሱ ግን የትምህርት በር ሆነለት።

ከአቴና ከተመለሰ በኋላ በጳንጦስ አገር፥ ኢሪስ በሚባል ወንዝ አጠገብ፥ የምንኩስና ኑሮ ጀመረ፤ ጎርጎርዮስንም ጠራው። ጎርጎርዮስ ስለዚያ ኑሮ የጻፋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። በአንዱ ወዳጁን ይቀልድበታል፤ ቤቱ ጣራና በር እንደሌለው፥ እንጀራው ለጥርስ እንደማይበገር፥ አትክልት የማይገኝበትን የአትክልት ቦታ ለማቅናት ከባድ ጋሪ በአንገታቸውና በእጃቸው እንደ ጎተቱ፥ የባስልዮስ እናትም ደርሳ ባትመግባቸው ኖሮ ይጠፉ እንደ ነበር ይጽፍለታል። በሌላው ደብዳቤ ግን ያንኑ ዘመን ይናፍቃል። እንጨት መሸከሙን፥ ድንጋይ መጥረቡን፥ እርሱ ተክሎት ባስልዮስ ያጠጣውን አንዱን የፕላታን ዛፍ ሳይቀር ያነሣል። ወዳጅነት በልብ የሚቀረው በታላላቁ ነገር ብቻ አይደለም፤ አብረው በጎተቱት ጋሪና አብረው ባጠጡት ዛፍም ነው።

የባስልዮስ ልዩ ልዩ ዕውቀት ተበታትኖ አልቀረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ368 ዓ.ም. ገደማ በቂሣርያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በአቴና የተማረው የንግግር ጥበብ የባለጠጎችን ጎተራ አስከፈተ፤ እርሱም ራሱ ታጥቆ ለረኃብተኞች ወጥ አቀረበ። በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከከተማዋ ውጭ ለድኾች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን ታላቅ ማደሪያ ሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎችም አኖረበት። ሌላው ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች እርሱ አቅፎ ይስማቸው ነበር። ጎርጎርዮስም ያንን ስፍራ አዲስ ከተማ ብሎታል።

ይሁን እንጂ ብርቱ ሰው አጠገቡ ያሉትን አንዳንድ ጊዜ ያደክማል። በ372 ዓ.ም. ገደማ ባስልዮስ በሀገረ ስብከት ወሰን ከሌላ ጳጳስ ጋራ ሲከራከር፥ ወገኑን ለማጽናት ብሎ ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል ትንሽ ስፍራ ላይ ሾመው። ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት፥ ውሃ የሌለባት፥ አቧራና የጋሪ ጩኸት የሞላባት ነበረች። ጎርጎርዮስ እጅግ አዘነ፤ በሹመቱም አልረጋም። ቁስሉም ቶሎ አልሻረም።

ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። በቀብሩ ዕለት ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን አይሁድና አረማውያንም አለቀሱ፤ ከግፊያው ብዛት የተነሣ የሞቱ እንኳ ነበሩ። ጎርጎርዮስ ግን ታሞ ተኝቶ ነበርና ወዳጁን ለመቅበር አልደረሰም። በቂሣርያ ቆሞ ስለ እርሱ የተናገረው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው።

በዚያም ንግግር ቅሬታውን አልደበቀም። ይህን አንዱን ነገር ማመስገን እንደማይችል በግልጥ ተናገረ። ወዲያው ግን ባስልዮስ ይህን ያደረገው ወዳጅነትን ንቆ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ነገር ከወዳጅነት በላይ አድርጎ ስለ ተመለከተ ነው ብሎ መሰከረለት። እውነትና ፍቅር በአንድ አፍ ሲነገሩ እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር ተናግሯል። ብዙ ሰዎች ባስልዮስን ለመምሰል ሲሉ የፊቱን መገርጣት፥ ጢሙን፥ አረማመዱን፥ ዝግ ያለ አነጋገሩን ይቀዱ ነበር። ይህ ሁሉ ለእርሱ ተፈጥሮው እንጂ የታሰበበት አልነበረም፤ እነርሱ ግን ጥላውን ይዘው ሰውየውን ሳቱት። በንግግሩ መጨረሻም ጎርጎርዮስ ወዳጁን፥ እኔ አንተን አመሰገንሁ፤ ከአንተ በኋላ ስሞት እኔን የሚያመሰግን ማን ይሆን? በሚል አሳብ ተሰናበተው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በየቤታችን ተዝካር እናወጣለን፤ ይህም መልካም ነው። ከጸሎቱና ከምጽዋቱ ጋራ ግን የሟቹን ሥራ ለልጆች መንገር አይቅር። ከብዙው ሙያው አንዱን እንኳ የሚቀጥል ከቤተ ሰቡ ይነሣ፤ የተከለውን የሚያጠጣ፥ ይጠይቀው የነበረውን በሽተኛ የሚጠይቅ ይኑር። በሕይወቱ ሳለ ያስቀየመን እንደ ሆነም ቅሬታውን በልባችን አምቀን በአፋችን ብቻ አናወድሰው፤ በፍቅር እናንሣውና ይቅር እንበለው። ለቀብሩ ያልደረሰም ጊዜው አለፈብኝ ብሎ አይተው፤ ጎርጎርዮስ ከሦስት ዓመት በኋላ ደርሷልና።