ቼቼኖች በካዛኪስታን፦ ጀመዓ ያለ መስጂድ



ስደት ሲነሳ ቶሎ ወደ ልባችን የሚመጣው የሶሓቦች ሂጅራ ነው። ዛሬ የምናወሳቸው ሙስሊሞች ግን የሚሄዱበትን አልመረጡም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 በስታሊን ትእዛዝ ወታደሮች የቼቼንና የኢንጉሽ መንደሮችን ከበቡ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ፣ በዕቃ ማመላለሻ ባቡር ተጭኖ ወደ ካዛኪስታንና ኪርጊዝስታን ተጋዘ። ክሱ ከጀርመን ጋር ተባብራችኋል የሚል ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻቸው ግን በቀይ ጦር ተሰልፈው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብርድ፣ ረሃብና በሽታ ብዙ ሰው ጨረሰ። ያለ ኮማንዳንቱ ፈቃድ ከተመደቡበት ቦታ መውጣት ክልክል ነበር። በ1948 ደግሞ ግዞቱ ለዘላለም መሆኑ ታወጀ፤ ላመለጠ ሰው ቅጣቱ 20 ዓመት የጉልበት ሥራ ሆነ።

ታዲያ እንዲህ የተበተነ ሕዝብ በምን ተያያዘ? መስጂድ ባይኖራቸውም ቤት ለቤት ተሰብስበው፣ ክብ ሠርተው ዚክር ያደርጉ ነበር። ይህ የቁንታ ሐጂ መንገድ ነው፤ እሳቸውም በ1864 በዛሩ መንግሥት ተይዘው በግዞት የሞቱ ናቸው። እንዲያውም በ1950ዎቹ እዚያው ካዛኪስታን ውስጥ የቪስ ሐጂ ቅርንጫፍ ተመሠረተ፤ ሴቶችም በዚክሩ ይሳተፉ ነበር። (የአደራረጉን ሑክም ለዑለሞቻችን እንተወው።) የአንድ ሸይኽ ሙሪዶች ለዚክር ብቻ አይገናኙም። ሰው ሲሞት ጀናዛውን አጥበው የሚቀብሩ፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑ እነሱው ናቸው። ከቤተሰብ ርቀን ካምፓስ ስንገባ ጀመዓ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ገብቶናል፤ የእኛ ግን በፈቃዳችን ነው፣ ለክረምትም ቤታችን እንገባለን።

ካዛኮቹንም አንርሳ። ስለ መጤዎቹ ክፉ ተነግሯቸው ሳለ፣ ያላቸውን ቁራሽ እንጀራ እንደ አንሷር ያካፈሉ ብዙ ነበሩ።

በ1957 መመለስ ሲፈቀድ፣ የሟቾቻቸውን አፅም ቆፍረው በሻንጣ ይዘው የተመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በአያቶቻቸው መቃብር አጠገብ ሊቀብሩት። ሲደርሱ ግን ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ የመቃብር ድንጋዮቹም ተነቅለው ለመንገድና ለግንባታ ውለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድንጋዮቹን ለቅመው ግሮዝኒ ከተማ ላይ መታሰቢያ ሠሩባቸው። በ2014 እነሱም ከዚያ ቦታ ተነሡ።