ወንጌልን ዕለት ዕለት ስለ ማንበብ



የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ታሪክ በአራቱ ወንጌላውያን በ89 ምዕራፍ ተጽፏል፤ ይኸውም በማቴዎስ 28፥ በማርቆስ 16፥ በሉቃስ 24፥ በዮሐንስ 21 ነው። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላ የልደቱን፥ የሕማሙንና የትንሣኤውን ነገር ይፈጽማል፤ በዓመትም አራት ጊዜ ይመላለስበታል።

ወንጌል በቅዳሴ ጊዜ ይነበባል፤ ነገር ግን በጆሮ የገባው ቃል በቤት ካልታሰበ ከደጀ ሰላሙ ሳንርቅ ይረሳል። ቋንቋም ምክንያት አይሆነንም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ታትሟል፤ እርሱም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ አስተምሯል። እንግዲህ ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካለ፥ በሚሰማው ቋንቋ አንብቡለት።

ስታነቡም ለመጨረስ አትቸኩሉ። ጌታችን ሰው ሁሉ የሸሸውን ለምጻም በእጁ ዳሰሰው። ይህን ማለዳ ያነበበ ሰው፥ በገበያ መንገድ የወደቀውን ድውይ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ቢያልፍ፥ ያነበበው ፊደሉን እንጂ ጌታን አይደለም። ንባባችን የሚፈተነው በዚህ ነው።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።