ስክሪኑ ሲደበዝዝ የሚጮኸው ስፒከር

ስሙኝማ! ያ ቤት ውስጥ የገጣጠምኩት፣ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ ለምን «ዝዝዝ» እንደሚል ገባኝ። ጥፋተኛው ከድምፅ ጋር ምንም የማያገናኘው ነገር ሆኖ ተገኘ! እኔ ኤሌክትሮኒክስ የት አውቃለሁ የምትሉ፣ አትሽሹ። ሽቦ አይታችሁ ካወቃችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንያዝ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዘፈን ድምፅ አይደለም፤ የቁጥር ሰልፍ ነው። በሲዲ ደረጃ ከሆነ በያንዳንዷ ሴኮንድ ለግራ ጆሮ ብቻ 44,100 ቁጥሮች ያልፋሉ፣ ለቀኝም እንዲሁ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ65,536 እርከኖች አንዱን ይጠራል። ስፒከር ግን ቁጥር አያነብም፤ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ ቁጥሩን ተቀብሎ በዚያው ልክ ቮልት የሚያወጣ ቺፕ ያስፈልጋል። የኔው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚያመርተው ፒሲኤም5102ኤ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ጥቁር ነገር። ቁጥሩን ራስፕቤሪ ፓይ ከምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይቀበላል፣ ያወጣውን ለአምፕሊፋየር ይሰጣል፣ አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ። በቃ፣ ይኸው ነው። አጠገባቸው የዘፈኑን ስም የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለች። ስክሪኗን አትርሱብኝ።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ቺፑ በሙሉ አቅሙ ሲጮህ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ያለው ርቀት ወደ 6 ቮልት ይጠጋል። ይህን ለ65,536 ስታካፍሉት አንዷ እርከን 90 ማይክሮቮልት አካባቢ ትሆናለች። ማይክሮቮልት ማለት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ነው። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 1.5 ቮልት አይደል? እርከኗ ከሱ ከ16 ሺህ ጊዜ በላይ ታንሳለች! ይህችን የምታህል ነገር ነው እንግዲህ ማንም ሳይነካት ስፒከሩ ዘንድ እንድትደርስ የምንመኘው።

ጩኸቱ ሙዚቃው ረገብ ሲል ብቅ የሚል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ «ዝዝዝ» ነው። ዘፈኑን አቆምኩት፤ ዝዝዙ እዚያው አለ። ኮምፒውተሯ ላይ ቮልዩሙን እስከ ታች አወረድኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ይቺ ትልቅ ፍንጭ ናት! ጩኸቱ ከቁጥሮቹ ጋር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሮቹ ሲያንሱ አብሮ ማነስ ነበረበት። ቁጥሮቹ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ ኬብል ነቅዬ መግቢያውን ከራሱ ጥቁር ሽቦ ጋር አገናኘሁት። (ባዶውን ከተዋችሁት በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይለቅምና ያሳስታችኋል።) ጸጥ! አምፕሊፋየሩም ነጻ ወጣ።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ማታ ላይ የስክሪኗ ብርሃን ዓይኔን ሲወጋኝ ቀነስ አደረግኩት። ዝዝዙ ጨመረ። መልሼ ከፍ አደረግኩት። ቀነሰ። እስከ ጥግ ስወስደው ጭራሽ ጠፋ! እስቲ አስቡት፤ ስክሪኗ በደንብ ስትደምቅ እኮ ብዙ ኤሌክትሪክ ትበላለች። ብዙ ስትበላ ዝም፣ ትንሽ ስትበላ ጩኸት? ይህ እንዴት ይሆናል?

የመጀመሪያው መልስ ያለው አደበዛዘዟ ላይ ነው። ስክሪኗ የምትደበዝዘው መብራቷ ደክሞ አይደለም፤ በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ ድርግም ብልጭ እያለ ነው። ዓይን ያን ፍጥነት ስለማይከተል ለስለስ ያለ ብርሃን ይመስለዋል። ጆሮ ግን በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ የሚርገበገብን ነገር መስማት ሥራው ነው! በሙሉ ድምቀት ላይ ደግሞ ድርግም ማለት የለም፤ መብራቱ እንደበራ ይቀራል።

እሺ፣ ግን የመብራት ድርግምታ በየት በኩል ድምፁ ውስጥ ገባ? በጥቁሩ ሽቦ ነዋ! ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት፤ በቀዩ ይሄዳል፣ በጥቁሩ ይመለሳል። ጥቁሩን ሁሉም ሰው ግራውንድ ይለዋል፣ ዜሮ ነው ብሎም ያስባል። ዜሮ ግን አይደለም። ሽቦ ነው፣ ሽቦ ደግሞ ምንም ቢሆን ትንሽ ይታገላል። 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ስንዝር የመዳብ ሽቦ 0.01 ኦም ገደማ አለው። ይቺ ምን ትጎዳለች እንዳትሉ! 0.1 አምፔር የምትበላ ስክሪን በዚያ ሽቦ ስትመለስ 0.1 በ0.01 ይባዛል፤ 1 ሚሊቮልት። ቅድም ካሰላናት እርከን አሥራ አንድ እጥፍ! በአንድ ስንዝር ሽቦ!

የኔ ቺፕና ስክሪን ደግሞ ወደ ኃይል ምንጩ የሚመለሱት በአንድ ጥቁር ሽቦ ነበር። የአምፕሊፋየሩ ጥቁር ሽቦ ግን ለብቻው፣ በቀጥታ ምንጩ ላይ ታስሯል። እንግዲህ እንዲህ አስቡት። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ቆማችኋል፣ ወለሉ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ቁመታችሁን ይለካል። ከጎናችሁ አንድ ልጅ ፍራሹ ላይ መዝለል ይጀምራል። እናንተ አልተንቀሳቀሳችሁም፤ ለሚለካው ሰው ግን ቁመታችሁ ከፍ ዝቅ ይላል። ቺፑ ፍራሹ ላይ ነው፣ አምፕሊፋየሩ ወለሉ ላይ፣ ልጁ ስክሪኗ ናት። አሁን ልጁ መዝለሉን ትቶ ዝም ብሎ ቢቆምስ? ፍራሹ ይሰምጣል፣ ሰምጦም ይቀራል። ትንሽ አጥራችሁ ትታያላችሁ እንጂ አትወዛወዙም። የማይወዛወዝን ነገር ደግሞ ጆሮ አይሰማም። አያችሁ? ሙሉ ድምቀት ላይ ጸጥ ያለው ለዚህ ነው! ይህ የገባኝ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ።

መፍትሔው ታዲያ አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው። የስክሪኗን ጥቁር ሽቦ ከቺፑ ለይቶ፣ በራሱ መንገድ እስከ ኃይል ምንጩ መውሰድ። ቀዩንም አብሮ መለየት ጥሩ ነው። አሁን ስክሪኗን አደበዝዛለሁ፣ አደምቃለሁ፤ ስፒከሩ ምንም አይልም። «ካፓሲተር ጨምርበት» የሚለው ምክር ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል፤ ስክሪኗ አጠገብ ብትጨምሩ አይከፋም፣ የዝላዩን ጫፍ ያለሰልሳል። ፍራሹን ግን ወለል አያደርገውም።

የናንተ ጩኸት ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወፍራም «እምምም» ከሆነ ከግድግዳው ነው የመጣው፤ የኛ መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል፣ ወደ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲቀየር ደግሞ ትርፍራፊው 100 ላይ ይሰማል። ላፕቶፕ ከሆነ የምታጫውቱበት ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ወዲያው ጸጥ ካለ በቻርጀሩና በአምፕሊፋየሩ ሶኬት በኩል የዞረ ቀለበት አለ ማለት ነው፤ ድምፁ መንገድ ላይ የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር ይቆርጠዋል። የሶኬቱን የመሬት እግር ሰብረው ጸጥ የሚያሰኙ ሰዎች አሉ። እባካችሁ፣ እሱን እንዳትሞክሩት! ያ እግር ያለው ሰው እንዳይሞት ነው። ቀጭን «ሲይይይ» ከሆነ ዩኤስቢን ጠርጥሩ፤ አንዱ ዓይነት በየሚሊሴኮንዱ ስለሚቀሰቀስ ልክ 1,000 ላይ ያፏጫል። የኔን ዓይነት ቺፕ የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ኤስሲኬ የሚል የተጻፈበት እግር ባዶውን እንዳይንጠለጠል ተመልከቱ፤ ከጥቁሩ ጋር ካልተገናኘ ቺፑ የራሱን ሰዓት አይፈጥርም።

ቅዳሜ ከሰዓት የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ስክሪን ያለው ይቅደም፣ ብርሃኑን ስናወርድ መስማት እፈልጋለሁ።