ውሃ በተራ ሲካፈል ለሁሉም ይደርሳል

«እማማ፣ እባክዎ ጎማዎን ለጥቂት ጊዜ ይዝጉልኝ፤ የእኔ መደብ ጠብታ አላገኘም።»

«ልጄ፣ ለእኔስ መች ደረሰኝ? ውሃው ገና መምጣቱ አይደለም እንዴ!»

ባለፈው በጋ በግቢያችን ማታ ማታ ይሰማ የነበረው ንግግር ይህ ነበር። ግቢያችን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪና በአንድ የውሃ መስመር የሚገለገልበት ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ በየሰፈሩ የጓሮ አትክልት የማልማቱ ጥረት ሲበረታ፣ እኛም ከአጥሩ ሥር የተከማቸውን ቆሻሻ ጠርገንና መሬቱን ቆፍረን አራት መደብ አወጣን። እያንዳንዱ መደብ አንድ ሜትር በአምስት ሜትር ነው። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ተዘራበት።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ለልጆች ምሳ የሚሆነውን ጎመን ከደጃፍ ቆርጦ ወደ ድስት መክተት ለኪስም ለጤናም ይበጃል። በአዲስ አበባ ገበያ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ፣ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በሚገባባቸው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ ነው። ይህን የምታውቅ እናት ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ በዓይኗ ያየችውን ጎመን ለልጆቿ ማብላት ብትመርጥ አያስደንቅም።

ችግሩ የመጣው ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መስመሩ ባለፈበት ሁሉ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ቧንቧ አስቀጥለን ስለነበር፣ ውሃው ሲመጣ አራታችንም በአንድ ጊዜ እንከፍታለን። ለቆጣሪው የቀረበው መደብ ይጨቀያል፤ ከግቢው ጫፍ ያለው ግን ይደርቃል። ያ የመጨረሻው መደብ የአንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እሷ የሌሊት ተረኛ በሆነችበት ሳምንት የሚያጠጣላት ሰው አልነበረምና የሁለት ወር ድካሟ፣ ያ ለምለም ቆስጣ፣ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ከዚያ በኋላ እሷ ለቡና ብትጠራም አልመጣ አለች። ውሎ አድሮ መጠራራቱም ቀረ። ልጆቻችን ሳይቀሩ በየደጃፋቸው ብቻቸውን መጫወት ጀመሩ።

ጀሪካኑ የፈረደው ፍርድ

ለጠቡ መፍትሔ ያመጣችው የእማማ የልጅ ልጅ ናት። ልጅቷ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የቧንቧ ሥራ ትማራለች። አንድ ምሽት ሁላችንንም አስዘጋችንና አንዱን ቧንቧ ብቻ ከፍታ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቀነችበት፤ ሰዓቷንም ያዘች። ጀሪካኑ በ100 ሴኮንድ ሞላ። ይህ ማለት በደቂቃ 12 ሊትር ማለት ነው።

ቀጥላም ስሌቱን አስረዳችን። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲፈስ አንድ ሊትር ይሆናል። በበጋ ወራት እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ጠባይ ለጓሮ አትክልት በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። በመሆኑም አምስት ካሬ ሜትር የሆነው መደባችን በቀን የሚሻው 25 ሊትር ነው። ይህም ከሁለት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይሞላል። አራቱም መደቦች ተራ በተራ ቢጠጡ ጠቅላላው ከዘጠኝ ደቂቃ አይበልጥም።

ዘጠኝ ደቂቃ! በዘጠኝ ደቂቃ ለሚያልቅ ጉዳይ ነበር ሁለት ወር ሙሉ የተኳረፍነው።

የጠባችን ምክንያት የውሃው ማነስ ብቻ አልነበረም። አንድ ቧንቧ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው ውሃ የተወሰነ ነው። አራት ጎማ በአንድ ላይ ሲከፈት ግፊቱ ይወድቃል፤ ውሃውም እኩል አይከፋፈልም፤ ወደ ቀረበውና ዝቅ ወዳለው ያደላል። ይህን የሚያስተካክለው መስመሩን በአንድ ቦታ ላይ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ መደብ የራሱን መዝጊያ መስጠትና በተራ መክፈት ነው።

ዘዴው አዲስ ግኝት አይደለም። ሰፊ የሣር መስክ ባላቸው የአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ሣሩን የሚያጠጡት መርጫዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ የቤቱ መስመር አይችላቸውም። ስለዚህ መስኩ በክፍል በክፍል ይመደባል፤ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ ቫልቭ ይኖረዋል፤ ቫልቮቹም ጎን ለጎን ተደርድረው መሬት ውስጥ በተቀበረ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚያ በአብዛኛው በ24 ቮልት ኤሌክትሪክ እየተከፈቱ ሰዓት ቆጥረው ይሠራሉ። ለእኛ ግን በእጅ የሚዞር መዝጊያና የጎረቤት መተማመን ይበቃናል።

ማከፋፈያው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ያሠራነው ማከፋፈያ አልሰመረልንም። ልጅቷ ወደ ማሠልጠኛዋ ተመልሳ ስለነበር አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቀጠርን። እሱም ቦታና ዕቃ ለመቆጠብ ብሎ አራቱን ቫልቮች እጅ ለእጅ አያይዞ ገጠማቸው። ወር ሳይሞላ ሁለተኛው ማንጠባጠብ ጀመረ። ፈትተን እንቀይር ስንል የጎኑ ቫልቭ እየከለከለ አላዞር አለ። በመጨረሻም አንዱን ለመቀየር ሁሉንም መቁረጥ ግድ ሆነ። ልጅቷ ለእረፍት ስትመለስ ከእኛ ጋር ሆና እንደገና ሠራችው። ከእርሷ የተማርነውን ለአንባብያን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ዋና መዝጊያ ይደረጋል። ይህ ሲዘጋ የቤት ውስጥ ውሃ ሳይቋረጥ የአትክልቱን መስመር ብቻ ማቆም ይቻላል። ከእርሱ ቀጥሎ ደለልና ዝገት የሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አራት ቲ በተርታ ይገጣጠማሉ፤ ከእያንዳንዱ ቲ አንድ የግማሽ ኢንች ኳስ ቫልቭ ይወጣል። የመጨረሻው ቲ ጫፍ በክዳን ይዘጋል። ነገ አምስተኛ መደብ ቢጨመር ክዳኑ ተፈትቶ መስመሩ ይቀጠላል እንጂ ዳግም መቁረጥ አያሻም።

ሦስተኛ፣ በቫልቮቹ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ቀጥሎም ዩኒየን ይደረጋል። ዩኒየን ሌላውን ሳይነካ አንዱን ብቻ ለመፍታት ያስችላል። የሚቆጥበው ገንዘብ ዛሬ ሳይሆን ዕቃው በተበላሸ ቀን ይታወቃል።

አራተኛ፣ ክር ባለበት መገጣጠሚያ ሁሉ ቴፍሎን ሦስት አራት ዙር ይጠቀለላል፤ አጠቃለሉም ክሩ ሲጠብቅ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይተረተራል። የፕላስቲክ ክር ያለልክ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። ፒፒአር የሚባለው ቧንቧ ደግሞ በሙቀት ስለሚገጣጠም መሣሪያው ያለው ሰው ይፈልጋል። ይህ ቧንቧ ፀሐይ ያደክመዋልና መሸፈን አለበት።

አምስተኛ፣ ውሃ ማሰራጫዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ቫልቮቹ አንድ በአንድ ተከፍተው መስመሩ ይታጠባል። አሸዋና የቧንቧ ፍርፋሪ ካልወጣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ስድስተኛ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት ይፈተናል። ውሃ ባለበት ሰዓት በግቢው ያለው ሁሉ ይዘጋና የማከፋፈያው ዋና መዝጊያ ብቻ ይከፈታል፤ የቆጣሪው ቁጥር ይመዘገባል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ተንቀሳቅሶ ከተገኘ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 4 ሊትር ያህል፣ በወር ከ120 ሊትር በላይ ያባክናል። ይህም ስድስት ጀሪካን ነው።

በመጨረሻም ማከፋፈያው ከሥሩ ጠጠር በተነጠፈበት፣ በብሎኬት በታጠረና ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ጠጠሩ ውሃ እንዳይቋጥር ያደርጋል። እያንዳንዱን ቫልቭ በተለያየ ቀለም መቀባት ደግሞ በጨለማ ለምትመጣው ተረኛም፣ ማንበብ ለማይችሉት እማማም ረዳት ነው።

ጎማው ከበርሜሉ ይውጣ

አሁን ለእናቶች ከሁሉ በላይ ልናሳስብ ወደምንወደው ነጥብ እንለፍ። ከእኛ አንዷ ፍግ በውሃ የምትዘፈዝፍበት በርሜል ነበራት። አንድ ምሽት ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ነክራ፣ ቧንቧውን ከፍታ ሳለ ውሃው ሄደ። እሷም ሳትዘጋው ተኛች። በማግስቱ ውሃው ሲመለስ ከማዕድ ቤቱ ቧንቧ በመጀመሪያ የወረደው ሻይ የመሰለ፣ የፍግ ሽታ ያለው ውሃ ነበር። ደግነቱ ሽታው ቀድሞ አስጠነቀቀን እንጂ ለሕፃን ወተት ማቅጠኛ ሊቀዳ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ በሚወርድበት ጊዜም ከኋላው ይስባል። አፉ በቆሻሻ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጎማ ካገኘ ያንን ወደ መጠጥ ውሃው መስመር ይመጠዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አደጋ በየሳምንቱ ደጃፋችን ላይ አለ። ጉዳቱም በአንድ ግቢ ብቻ ላይወሰን ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። የጎማው አፍ ምንጊዜም ከበርሜሉ ጠርዝ በላይ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ይገጠም። ሆኖም ቼክ ቫልቭ ያረጃል፣ አሸዋም ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቼክ ቫልቭ አለ ተብሎ ጎማው በርሜል ውስጥ አይተው። ውሃ ሲሄድም ዋናው መዝጊያ ይዘጋ።

ውሃ ሌሊት ብቻ ለሚመጣባቸው

ውሃው የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። ባለ 200 ሊትር በርሜል አንድ ሜትር ከፍታ ባለው መቆሚያ ላይ ቢቀመጥና ማከፋፈያው ከሥሩ ቢቀጠል ለአራት መደብ ሁለት ቀን ይበቃል። ነገር ግን አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው። ብዙዎቹ የሣር መርጫዎች ሁለት ባር ያህል፣ ማለትም የ20 ሜትር ከፍታ ግፊት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በበርሜል መርጫ ለማሠራት ገንዘብ ማባከን አይገባም። በየስንዝሩ የተበሳ ቀጭን ቧንቧ በመደቡ መካከል ማጋደም ይበቃል፤ ውሃውም ከሥር ከሥሩ ይደርሳል።

የሞላ በርሜል 200 ኪሎ ይመዝናል። መቆሚያው የላላ ድንጋይ ቢሆን በልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ክዳኑም ጥብቅ መሆን አለበት፤ ለሕፃናት ደኅንነትም፣ ትንኝ እንዳይራባበትም። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ከቧንቧው በላይ

ማከፋፈያው ከተሠራ በኋላ ለወጪውም ለተራውም ስምምነት አደረግን። የዕቃው ዋጋ ለአራት ሲካፈል፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ሆነ። የተራው ዝርዝር በማከፋፈያው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጻፈ። በዝርዝሩ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም የሌሊት ተረኛ የሆነችውን ሴት መደብ በዚያ ሳምንት የሚያጠጣው የቀጥታ ጎረቤቷ ነው።

የፋብሪካዋ ሠራተኛ መደብ ዘንድሮ እንደገና ተዘርቷል። እሷ ከሥራ ስትመለስ ቀይ ቀለም የተቀባው ቫልቭ ተከፍቶ፣ አፈሩ ርሶ ታገኛለች። የሚከፍቱላትም ያን ጊዜ «ልዝጋ?» ብለው የተቆጡት እማማ ናቸው። የመጀመሪያውን ቆስጣ ቆርጣ የሰጠችው ለእርሳቸው ነው፤ ቡናውም በዚያው ቀን ተፈላ።

እናቶች ሆይ፣ በየግቢያችሁ ስለ ውሃ ንትርክ ካለ፣ ቫልቭም ቧንቧም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጀሪካንና አንድ ሰዓት ያዙ። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚመጣ፣ መደባችሁም ስንት እንደሚሻ ለኩ። ምናልባት የእናንተም ጠብ የዘጠኝ ደቂቃ ሊሆን ይችላል።